ላሜሕ ስለ ፈራው ሕፃን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንዲት ወጣት እናት የአርባ ቀን ወንድ ልጇን ታቅፋ ክርስትና ልታስነሣ ወደ አጥቢያችን መጣች። አጥቢያችን በአዲስ አበባ ሰሜን በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ ነው። እናቲቱ ነጠላዋን በሕፃኑ ፊት ላይ ጥላበት ስለ ነበር የጥምቀቱ ሰዓት ደርሶ እስክትገልጠው ድረስ ማንም አላየውም። በገለጠችው ጊዜ በዙሪያዋ የነበሩት ሴቶች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የሕፃኑ ገላ ነጭ ነበር፤ ጠጕሩ የተባዘተ ጥጥ ይመስል ነበር፤ ዓይኖቹም ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን መቋቋም ተስኗቸው ይርገበገቡ ነበር። እናቱ ጠይም ናት፤ አባቱም ጠይም እንደ ሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባቱ ግን በዚያ ቀን አልመጣም።

ከእኛ ከካህናቱ መካከል አንዱ ወደ እርስዋ ጠጋ ብሎ፥ «ልጄ፥ ከማጥመቃችን በፊት የምትነግሪን ነገር የለም ወይ?» አላት። እርስዋም፥ «አባቴ፥ ያለኝን ቃል ሁሉ ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ፤ አላመነኝም። እርስዎም ካላመኑኝ ወዴት ልሂድ?» ብላ መለሰች። እኛም በዚያ ቆመን ነበር። ጥያቄው ምን ማለት እንደ ሆነ ገብቶናል፤ ነገር ግን አንድ ቃል አልተነፈስንም። ሕፃኑ ተጠመቀ፥ ሜሮንም ተቀባ፥ ቅዱስ ቍርባንንም ተቀበለ፤ የክርስትና አባት ሆኖ የቆመለትም በሽሮ ሜዳ ሸማ በመሥራት የሚተዳደር አንድ አረጋዊ ነው። ሥርዓቱ አልጐደለም፤ የጐደለው የእኛ አንደበት ነው። በሌላ አጥቢያ ሌላ እናት በዚያው ስፍራ በቆመች ጊዜ ካህኑ ምን እንደሚላት አስቀድሞ አስቦበት እንዲገኝ ስለምንሻ ይህን ለመጻፍ ተነሣን።

በዚያ ሰዓት ልናስታውሰው ይገባን የነበረ ታሪክ በገዛ እጃችን ባለ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ቋንቋ በምሉዕነት ጠብቃ ያቆየች ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1773 ከአገራችን ያገኛቸውን ሦስት ቅጂዎች ይዞ ወደ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የዚያ አገር ሊቃውንት ሙሉውን መጽሐፍ አላዩትም ነበር። በዚህ መጽሐፍ ፍጻሜ አጠገብ የኖኅ ልደት ይነገራል። ማቱሳላ ለልጁ ለላሜሕ ሚስት አጋባው፤ እርስዋም ፀንሳ ወለደች። የተወለደው ሕፃን ግን በንጣቱ በረዶን፣ በቅላቱም የጽጌ ረዳን አበባ የሚመስል፣ የራስ ጠጕሩ እንደ ነጭ የበግ ጠጕር የሆነ ነበር፤ ዓይኖቹን በገለጠ ጊዜም ቤቱ በብርሃን ይሞላ ነበር። ላሜሕ ፈራ። ሸሽቶም ወደ አባቱ ሄደ፤ ልጁ እርሱን እንደማይመስል፣ ይልቁንም የሰማይ መላእክትን ልጆች እንደሚመስልና ከእርሱ የተወለደ እንደማይመስለው ነገረው። ማቱሳላም ሄኖክ ወዳለበት ወደ ምድር ዳርቻ ሄዶ ጠየቀ። የሄኖክ መልስ ይህ ነው፤ ሕፃኑ በእውነት የላሜሕ ልጅ ነው፥ ስሙም ኖኅ ይባል፥ ምድር በጥፋት ውኃ በምትጠፋበት ጊዜ እርሱና ሦስት ልጆቹ ይድናሉ።

የላሜሕ ሚስት ስም በመጽሐፈ ኩፋሌ ቤቴኖስ ተብሎ ተጽፏል። ሄኖክ ስለ እርስዋ ብዙ አይናገርም። ነገር ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ከተገኙት ጥቅሎች አንዱ፣ በአራማይስጥ ቋንቋ የተጻፈው፣ ይህንኑ ታሪክ በላሜሕ አንደበት ይተርከዋል። ጥቅሉ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍታችን የሚቈጠር አይደለም፤ እንደ ታሪክ ብቻ እናነሣዋለን። በዚያ ላሜሕ ሚስቱን ተጠራጥሮ እውነቱን እንድታወጣ በብርቱ ይይዛታል፤ ቤቴኖስም እያለቀሰች ፅንሱ የእርሱ እንደ ሆነ፥ ከሌላ ከማንም እንዳልሆነ በሰማይ ንጉሥ ስም ትምልለታለች። ያን ባነበብን ጊዜ የጉለሌዋ እናት ድምፅ በጆሯችን ተሰማን። ይህን የሚያህል ዘመን አልፎም የሴቲቱ እንባና የባልዋ ፍርሃት አንድ ናቸው።

አርኖልድ ሶርስቢ የተባለ በእንግሊዝ አገር የታወቀ የዓይን ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1958 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህ የኖኅ መልክ ዛሬ አልቢኒዝም ከሚባለው ጋር አንድ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። እኛ የሐኪሙን አሳብ አናቃልም፤ ነገር ግን በዐውደ ምሕረት ቆመን ኖኅ እንዲህ ነበረ ብለን አንሰብክም። የሄኖክ ቃል ትንቢት ነው፤ የሕፃኑ ብርሃን ስለሚመጣው ድኅነት የተነገረ ምልክት እንጂ የሐኪም መዝገብ አይደለም። ስለ መልኩ ምንም ብንል ግን የታሪኩ አካሄድ ግልጽ ነው። አባት ወላጆቹን በማይመስል ልጅ ፊት ደነገጠ፤ ድንጋጤውም ወደ ሚስቱ ዞረ። ሄኖክ ሴቲቱ ትመርመር አላለም፤ ልጁ ያንተ ነው አለ። በእኛ አጥቢያ ያን ቃል የሚናገር ሰው ታጣ።

አሁን ደግሞ ሐኪሞች ስለዚህ ነገር ያገኙትን በአጭሩ እንናገር፤ የሴቲቱን ንጽሕና የሚያስረዳው እርሱ ነውና። ለቆዳ፣ ለጠጕርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባል ነገር ነው። ሰው ሜላኒንን የሚያሠራውን የዘር ትእዛዝ፣ ጂን የሚባለውን፣ አንዱን ከአባቱ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል። ከሁለቱ አንዱ ጐደሎ ቢሆን ሁለተኛው ይበቃዋል፤ ሰውየው እንደ ወገኖቹ ጠይም ወይም ቀይ ሆኖ ይኖራል፥ ጐደሎውን መሸከሙንም ሳያውቅ ይሞታል። እንዲህ ያለው ሰው እንደ ራሱ ያለችውን ሴት ባገባ ጊዜ ግን ከሚወለዱት ልጆች እያንዳንዱ ከአባትም ከእናትም ጐደሎውን ወርሶ ነጭ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ንጣት ከአንድ ወገን የመጣ አይደለም፤ ከሁለቱም ነው። አንዳንድ ክፉ አንደበት እንደሚያወራው እናቲቱ ከፈረንጅ ፀንሳ ብትሆን ኖሮ ልጁ ክልስ ይሆን ነበር እንጂ እንዲህ ባልነጣ። በጥርጣሬ ዓይን የታየው የልጁ መልክ ስለ እናቲቱ ኀጢአት የሚመሰክረው አንዳች ነገር የለም።

ይህ ጐደሎ ብርቅ እንደ ሆነ የሚያስብ ሰው ቢኖር ቍጥሩን ይመልከት። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከ17,000 እስከ 20,000 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ግን ከ5,000 እስከ 15,000 ከሚሆኑት አንዱ ነው። ከ10,000 አንድ ብለን ብናሰላ፣ ጐደሎውን ተሸክመው በመልካቸው ግን የማይታወቁት ከ50 ሰዎች አንድ ያህል ይሆናሉ። በእሑድ ቅዳሴ 500 ምእመናን ቢቆሙ ከእነርሱ ወደ አሥር የሚጠጉት፣ ምናልባትም ከዲያቆናቱና ከቀሳውስቱ አንዳንዱ፣ ያንን በደሙ ይዞ ቆሟል ማለት ነው። ወደ ኋላ ካፈገፈጉት ሴቶች መካከልስ ስንቷ ይዛው ኖሯል?

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ በሐሜት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነሣልና። ኩፋሌ ቤቴኖስን ለላሜሕ የአጎቱ ልጅ ያደርጋታል። የሥጋ ዘመዶች ሲጋቡ የተሰወረ ጐደሎ ከሁለት ወገን ለመገናኘት እንዲቀለው ሐኪሞችም ያስተምራሉ፤ አባቶቻችን ሰባት ቤት ቈጥራችሁ ተጋቡ ማለታቸው በዚህም በኩል ጥበብ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ነጭ ሕፃን በተወለደ ጊዜ፣ «እነዚህ ሰዎች ዘመድ ነበሩ፥ ሰባት ቤት ሳይቈጥሩ ተጋብተው ነው» ይላሉ። ይህም ፍርድ ያለ ማስረጃ ነው። የተሰወረው ጐደሎ ሳይታይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ አንዱ ከመንዝ አንዱ ከወላይታ መጥተው ቢጋቡ እንኳ ይገናኛል። ሰባት ቤት መቍጠር ዕድሉን ያሳንሰዋል እንጂ በሩን ፈጽሞ አይዘጋውም።

ከካህናት ወገን ግን ከዚህ የከበደ ክርክር ይመጣብናል። ነጭ መሆን በመጽሐፍ የቅጣት ምልክት አይደለምን? የሙሴ እኅት ማርያም ሙሴ ስላገባት ኢትዮጵያዊት ባማች ጊዜ በለምጽ ነጥታ አልነበረምን? ግያዝስ ከንዕማን ገንዘብ በተቀበለ ጊዜ ለምጹ በእርሱና በዘሩ ላይ አልተጣበቀምን? ይህን የሚጠቅስ ሰው መጽሐፍ አንብቧል፤ ስለዚህ መልሱም ከመጽሐፍ ይሁን። ማርያምና ግያዝ አዋቂዎች ነበሩ፤ የሠሩትም ሥራ በስሙ ተጠርቶ ተጽፏል። ገና ዓይኑን ያልገለጠ ሕፃን ምን ሠራ? ደግሞም ለምጽና ይህ ነገር አንድ አይደሉም። በኦሪት ዘሌዋውያን በዐሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ካህኑ ለምጽን እንዲመረምር የታዘዘው እየሰፋ መሄዱን በየሰባቱ ቀን በማየት ነው። የዚህ ልጅ ንጣት ግን ከማኅፀን የወጣበት ነው፤ አይሰፋም፥ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚያስደንቀውም በዚያው ምዕራፍ ለምጹ መላ አካሉን ሸፍኖት ሁለንተናው የነጣ ሰው ንጹሕ ነው ተብሎ በካህኑ ይለቀቅ ነበር። ይህ ስለ ሌላ ደዌ የተነገረ ነውና ብዙ አናራዝመው፤ ነገር ግን ነጭ ቆዳ ባየ ቍጥር ርኩስ የሚል ካህን የኦሪትን ሕግ እንኳ እንዳልፈጸመ ይወቅ።

የአባቶችን ኀጢአት እስከ ሦስትና እስከ አራት ትውልድ ስለ መጐብኘት በዐሠርቱ ትእዛዛት የተነገረውም ስለሚጠሉት እንደ ተባለ አንርሳ። ነቢዩ ሕዝቅኤል በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ሕዝቡ ይተርቱት የነበረውን የጎምዛዛ ወይን ተረት ነቅፎ ልጅ የአባቱን ኀጢአት እንደማይሸከም በሰፊው ያስተምራል። ጌታችንም ከእናቱ ማኅፀን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኀጢአቱ የማን እንደ ሆነ በጠየቁት ጊዜ፣ የእርሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ ጥያቄያቸውን ከሥሩ ነቀለው። በአጥቢያችን የተጠየቀችው ጥያቄ ያችው የደቀ መዛሙርት ጥያቄ ነበረች፤ እነርሱ ግን የጠየቁት ጌታን ነው፥ እኛ የጠየቅነው አልቅሳ የመጣችውን እናት ነው። የሥጋ መልክ በዘር ይወረሳል፤ በደል ግን ከቆዳ ጋር አይወረስም። በጥንተ አብሶ ምክንያት በሁላችን ላይ የደረሰው፣ ጥቁር ነጭ ሳይለይ፣ በጥምቀት ይወገዳል፤ ያም ሕፃን ከዚያ ውኃ የወጣው እንደ እኛው ንጹሕ ሆኖ ነው።

እንዲህ ያለ ክፉ አሳብ ከቃል ጀምሮ ወዴት እንደሚደርስ ከሩቅ ሳንሄድ በአፍሪካችን ታይቷል። በታንዛንያና በማላዊ አካላቸው ሀብት ያመጣል በሚል የጥንቆላ ትምህርት ብዙዎች ተገድለዋል፥ አካላቸውም ተቈርጧል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ ጁን 13 ቀን፣ በእኛ ሰኔ 6 ቀን፣ ስለ እነዚህ ሰዎች እንዲታሰብበት ያደረገው ከዚህ የተነሣ ነው። በአገራችን ነገሩ ወደዚያ አልደረሰም ብለን እንጽናና ይሆናል። ነገር ግን ሕፃን በሰፈር ልጆች «ፈረንጁ» እየተባለ ሲባረር፣ እናቱም የቀትር ጋኔን አግኝቷት ነው ተብላ ከቡና ማኅበር ስትቀር ያየን ሰዎች ለመጽናናት አንቸኵልም።

ወደ ጉለሌ እንመለስ። እናቲቱ ከጥምቀቱ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅዋን በጀርባዋ አዝላ ወደ እንጦጦ ጠበል ተመላለሰች። የምትለምነው ልጅዋ እንዲጠቍር ነበር። ጠበሉ አላጠቈረውም። ከዚያም ይልቅ ከጠበሉ በኋላ ራቁቱን በቀትር ፀሐይ ሲደርቅ ትከሻው ተቃጥሎ ውኃ ቋጠረ። እኛ በጠበል የምናምን ነን፤ ስለ ጠበል ኀይል ልንከራከር አልመጣንም። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው በሰሊሆም ታጥቦ አየ፤ ይህ ልጅ ግን ታጥቦ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። ይህ ለምን ሆነ የሚል ቢኖር፣ ሐዋርያው ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ከነመውጊያው በጸጋ እንዲኖር መታዘዙን ያስብ። ደግሞም የምንለምነው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ንጣቱ ደዌ ቢሆን ፈውስ እንለምንበት ነበር። ጠበሉን ማለዳ ይጠመቅ፥ ከፀሐይ በፊት ይልበስ፤ ልመናውም ስለ ጤናውና ስለ ዓይኑ፣ ስለ አባቱም ልብ ይሁን ብለን በመጨረሻ መከርናት። ይህን ለመምከር ሁለት ዓመት የፈጀን እኛ ነን።

ስለ ፀሐይ የምንለው በተለይ ለእኛ ለደገኞቹ ነው። ጉለሌ የአዲስ አበባ ሰሜን ጫፍ ናት፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ምድሪቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር አልፋ፣ በተራራው ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ትደርሳለች። አየሩ ቀዝቃዛ፣ መንገዱም በባሕር ዛፍ የታጠረ ስለ ሆነ ፀሐይዋ የማትጐዳ ይመስለናል። ነገር ግን ቆዳን የሚጐዳው የፀሐይ ሙቀት ሳይሆን በዓይን የማይታየው ጨረርዋ ነው፤ እርሱም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ሜላኒን የሌለው ቆዳ መከላከያ የለውም፤ ዛሬ ይቃጠላል፥ ውሎ አድሮም ነቀርሳ ያወጣል። ብዙዎች በወጣትነታቸው የሚሞቱት በዚህ ነው እንጂ ዕድሜያቸው አጥሮ የተፈጠሩ ስለ ሆኑ አይደለም። እጅጌው የረዘመ ልብስ፣ ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በየጊዜውም የቆዳ ሐኪም መጐብኘት ይህን ሞት ያርቀዋል። በከተማችን ቀድሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። ቅባቱ ለድኻ ውድ ነው፤ የሰበካ ጉባኤ ከሙዳየ ምጽዋቱ ጥቂት ቢመድብለት ከብዙ የግድግዳ ቀለም ይልቅ የሚታይ ሥራ ይሆናል።

ከዚህ ተያይዞ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ የማድረግ ነገር ተነሣ። ልጁ ስድስት ዓመት በሆነው ጊዜ በአንድ የክብረ በዓል ቀን ጥበቃው ባርኔጣውን ከራሱ አውልቆ፣ «በእግዚአብሔር ቤት ራስህን ግለጥ» አለው። ልጁም ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት በዐውደ ምሕረቱ ተገልጦ ቆመ፤ ማታ ፊቱ እንደ እሳት ቀልቶ ዓይኑ አልገለጥ አለው። ጥበቃው የተማረውን ነው ያደረገው። እኛ ካህናት ግን ጥምጥም ጠምጥመን፣ መነኰሳቱም ቆብ ደፍተው፣ በላያችንም ድባብና ጥላ ተዘርግቶልን የቆምን ሰዎች፣ ራሱን ከሞት የሚሸፍን ሕፃን ባርኔጣ ሲወልቅበት አይተን ማለፍ አልነበረብንም። ለወንድ ልጅ ራስ መግለጥ የክብር ሥርዓት ነው፤ ለአንድ ሰው ጕዳት እንዲሆን ግን አልተሠራም። የደብሩ አስተዳዳሪ ከዚያ በኋላ በጕባኤ ነግረው በቤተ መቅደስ ውስጥ እንዲያወልቅ፣ በደጅ ግን እንዲያደርግ ፈቀዱለት። ባርኔጣ ያልወደደ ሽማግሌ ቢኖር ነጠላ ያከናንበው፤ እርሱም መልካም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጥላ የሞላባት ናት፤ በጥምቀት ቀን ወደ ባሕረ ጥምቀት በሚወርደው ሰልፍ ከዕቃ ቤት አንድ ትርፍ ጥላ ማውጣት ማንንም አይከብደውም።

በፊደል ቤትም ሌላ መከራ ነበረው። መጽሐፉን እስከ አፍንጫው እያስጠጋ፣ ራሱንም ወደ ጎን እያዘነበለ ያነብ ስለ ነበር መምህሩ ያሾፈ መስሎት ገረፈው፤ ከርቀት በአለንጋ የሚጠቁመውን ፊደል መለየት ባቃተው ጊዜም ሰነፍ አለው። ሜላኒን ሲጐድል የዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ ጥርት አድርገን የምናይበት እምብርቱ፣ በሚገባ አያድግም፤ ስለዚህ መነጽር ይረዳዋል እንጂ ፈጽሞ አያስተካክለውም። ዓይኑ የሚንቀጠቀጠውም ከዚህ የተነሣ እንጂ ከመንፈስ አይደለም። መጽሐፉን ማስጠጋቱ ዓይኑን አይጐዳውም፤ የሚያይበት መንገድ እርሱ ነው። ይህን መምህሩ ሲሰማ በደንብ ተቀበለው፤ ልጁንም ጀርባውን ለመስኮቱ አድርጎ ከአጠገቡ አስቀመጠው። ከዚያም ያላሰብነው ነገር ታየ፤ ልጁ ሌሎቹ ጮኸው ሲቀጽሉ በጆሮው ብቻ ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ አጥንቶ ኖሯል። ሙሴ አፈ ኰልታፋ ነኝ ባለ ጊዜ እግዚአብሔር አንደበቱን አልለወጠለትም፤ አሮንን ሰጠው። ዛሬ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ያልታየውን ያነብለታል፤ ልጁም ያ ወጣት የረሳውን ይነግረዋል።

ልጁ አሁን ዲያቆን መሆን ይፈልጋል። በዚህ ነገር ከካህናቱ አንዳንዶች በሌዋውያን ሃያ አንደኛ ምዕራፍ የተነገረውን፣ ነውር ያለበት ሰው ወደ መሠዊያው እንዳይቀርብ የሚለውን ጠቀሱ። በሐዋርያት ቀኖና ግን ዓይኑ የተጐዳ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው በሌላው የሚገባው ሆኖ ከተገኘ ለጵጵስና እንኳ እንዳይከለከል ተጽፏል፤ ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ እድፍ እንጂ የሥጋ ጕዳት አይደለምና። ፈጽሞ ዕውር የሆነውንም ቀኖናው የሚያቆመው ረክሷል ብሎ ሳይሆን የአገልግሎቱ ሥራ እንዳይሰናከል ነው። ይህ ልጅ ዕውር አይደለም። ዕውርም ቢሆን ከመምህርነት አይርቅም ነበር፤ ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ቅዱስ አትናቴዎስ፣ በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋውን ዲዲሞስን በእስክንድርያ ትምህርት ቤት ላይ ሾሞት ነበር። በአገራችንም ቅኔን ከዓይነ ስውር መምህር እግር ሥር ሆነው የተማሩ ሊቃውንት አሉ። ጕዳዩ በሊቀ ጳጳሱ እጅ ያለ ስለ ሆነ እኛ አንቀድምም። እስከዚያ ድረስ አንድ ጸሓፊ ግብረ ዲቍናውን በትልልቅ ፊደል በብራና እየጻፈለት ነው፤ ወጪውን የሸፈነው ያ የክርስትና አባቱ ሸማኔ ነው።

የዚህን አረጋዊ ነገር ካነሣን፣ በክርስትናው ቀን ሴቶቹ ወደ ኋላ ባፈገፈጉ ጊዜ ወደ ፊት የመጣው እርሱ ነበር። ኋላ ስንጠይቀው፥ «አባቶቼ፥ ጥለት ያልገባበት ነጠላ ነጠላ አይባልም ወይ? ድሩም ማጉም ያው ነው» አለን። እርሱ ሄኖክን አላነበበም።

አሁን የአባቱን ነገር ተናግረን እንጨርስ። በ2015 ዓ.ም. በአባቱ ወገን በተደረገ አንድ ተዝካር ላይ ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት አክስት ስለ ልጁ ሲወራ ሰምተው፣ «የእናታችን ወንድምስ እንዲሁ ነጭ ሆኖ ተወልዶ አልነበረም ወይ?» አሉ። ያ ሰው ከቤት ሳይወጣ፣ ስሙም ሳይነሣ፣ በወጣትነቱ እንደ ሞተ፣ ቤተ ሰቡም ለጋብቻ እንቅፋት እንዳይሆን ብሎ እንደ ደበቀው ተናገሩ። ለዘጠኝ ዓመት የሴቲቱ ኀጢአት ሲባል የኖረው በባልየው በገዛ ደሙ ውስጥ ተቀብሮ የነበረ ነገር ሆኖ ተገኘ። እኛም ይህን ስንሰማ ደስ አለን፥ አፈርንም፤ አሮጊቲቱ ባይመጡ ኖሮ የሴቲቱ ቃል ብቻውን አይበቃም ነበር ማለት ነውና። በጥምቀቱ ቀን የጠየቃት ካህን በዚያው ዓመት በጾመ ፍልሰታ መጨረሻ ወደ ቤትዋ ሄዶ ይቅርታ ለመናት። «ይፍቱኝ አባቴ» ብላ እርስዋ ቀድማ ተንበረከከች።

አባትየው በቀጣዩ ኅዳር ጽዮን ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ፤ አልገባም፥ በበሩ አጠገብ ቆመ። ልጁ ባርኔጣውን አድርጎ ከመዘምራኑ ጋር በደጅ ነበር። አባቱን ከርቀት አላወቀውም፤ ዓይኑ ከዐሥር እርምጃ ወዲያ የሰውን ፊት አይለይም። እናቱ ትከሻውን ይዛ ወደ በሩ መራችው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።